አሮጌው ቨርዥን አልወጣም

ሌሊት ቢሆን ኖሮ ሕልም ነው ብዬ እተወው ነበር።

ግን ሌሊት አልነበረም... ከቀኑ ስምንት ሰዓት አልፏል። ነሐሴ ወር፣ 2009 ዓ.ም.። እንጅባራ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ያለ አንድ አሮጌ የእንጨት ፎቅ ላይ።

ያላመነኝ አይመነኝ። ከእኔ ሌላ የሰሙ ሁለት ሰዎች አሉ፤ ሁለቱም በሕይወት አሉ። ሌላ ስም ሰጥቼያቸው ልጽፍ ሞከርኩ፤ ውሸት ውሸት አለኝ። ስለዚህ እንዳለ እነግራችኋለሁ።

ሚልካ እባላለሁ። ያደግኩት እዚሁ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር በሚሏት ከተማ። ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምሬ ተመለስኩና አንድ ሥራ አገኘሁ። ለተማሪዎች የሚሆን የአዊኛ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት።

ሦስት ሆነን ነበር የምንሠራው።

አንዱ ጋሽ አድማሴ ናቸው። ጡረታ የወጡ መምህር። አዊኛን ከነሥሩ የሚያውቁ ሰው። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ማንበብ ከተዉ ቆይተዋል፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን።

ሁለተኛው ሙሉሰው ነው። የጥሊሊ ልጅ። ቤተክርስቲያናችን ውስጥ አብረን ነበር የምናመልከው። ቃላቱን የምንጽፈው ኤዲተር በሚባል የጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም ነበር፤ ሙሉሰው ለዚያ ኤዲተር አንድ ኤክስቴንሽን ሠራለት። ኤክስቴንሽን ማለት በትልቁ ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የአዊኛ ቃል የመጀመሪያውን ፊደል ስትመቱ የቀረውን እሱ ይሞላላችኋል። የዓመት ሥራችንን በግማሽ ያቀለለው ያ ነው።

ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። አዊኛ እሰማለሁ፤ ልናገር ስል ግን ምላሴ ይያዛል።

ከፎቁ ሥር ሻይ ቤት አለች። የፀጋነሽ ናት። ፀጋነሽ የሙሉሰው ሚስት ናት።

በሰኔ ሙሉሰው ቃል ሊሰበስብ ወደ ጃዊ ቆላ ወረደ። ሲመለስ ወባ ይዞት ተመለሰ። ይሻለዋል ስንል... አልተሻለውም።

ቀበርነው።

ፀጋነሽ ጥቁር አልለበሰችም። እኛ ወንጌላውያን ዘንድ ብዙም አይለመድም። ግን ሳቋን አወለቀችው። ያቺ ከታች ስትስቅ ከላይ ያለን ሰዎች ሳናውቅ ፈገግ የምንልላት ሴት... ከሰኔ ወዲህ ሻይ ትቀዳለች፣ ብርጭቆ ታጥባለች፣ በቃ።

እኔም ደክሞኝ ነበር።

እንቅልፍ የሚያወጣው ድካም አልነበረም። የሦስት ሰው ሥራ ለሁለት ሲቀር፣ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ፊት ለፊትሽ ሲውል... ጠዋት ስነሳ ነበር የሚደክመኝ። ዝናቡ አያባራም። ጉሙ መስኮቱ ድረስ ይመጣል። መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። መጽሐፉ ደግሞ ትምህርት ሲከፈት መድረስ አለበት።

በዚህ ላይ ኤክስቴንሽኑ ተበላሸ።

ኤዲተሩ በአዲስ ሲተካ የሙሉሰው ሥራ ከእሱ ጋር አልስማማ አለ። ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ነው። ሙሉሰው የጻፈውን ሶርስ ኮድ፣ ማለት ፕሮግራሙ የሚሰፋበትን ጥሬ ጨርቅ፣ አስተካክሎ እንደገና ከሥር መገንባት።

በዚህ ሥራ የሚፈራ ነገር አለ። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ቨርዥኖች፣ ማለት የአንዱ ፕሮግራም አሮጌውና አዲሱ እትም፣ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ መገናኘት የለባቸውም። ኤዲተሩ ሲከፈት ቀድሞ ያገኘውን ይጭናል። ሌላው እያለ እንደሌለ ይቆጠራል። ከባሰም ይደባለቃሉ፤ ግማሹ ከአሮጌው፣ ግማሹ ከአዲሱ። ያኔ የቱ የቱ እንደሆነ የሚለይ የለም።

"አሮጌውን ሳታወጪ አዲሱን አታስገቢ" ይለኝ ነበር ሙሉሰው። "ዘግተሽ፣ አጥፍተሽ፣ ባዶ መሆኑን በዓይንሽ አይተሽ... ከዚያ።"

ያን ቀን ጠዋት እንዳለው አደረግኩ።

ኤዲተሩን ዘጋሁ። አሮጌውን አወጣሁ፤ የነበረበትን ፎልደር ሳይቀር አጠፋሁ። ኤዲተሩን ባዶውን ከፍቼ አየሁ... ምንም የለም። ዘጋሁ። አዲሱን ገነባሁ። ስህተት የሚል አንድም መልእክት አልመጣም። ቨርዥን ሁለት ብዬ ሰየምኩት።

ከፈትኩ።

"ቨርዥን አንድ ተጭኗል" አለ።

ዓይኔን አሸሁ።

እንደገና አጠፋሁ። ኮምፒውተሩን በሙሉ ፈለግኩ፣ ፎልደር በፎልደር። ቨርዥን አንድ የትም የለም። እንደገና ገነባሁ። እንደገና ከፈትኩ።

"ቨርዥን አንድ ተጭኗል።"

ከስክሪኑ ጥግ ያለችውን ሰዓት ያየሁት ያኔ ነው። ቀኑ ግንቦት ይላል። ነሐሴ ላይ ሆነን... ግንቦት።

መብራቱ ሲመላለስ የኮምፒውተሩ ሰዓት ተናግቶ ይሆናል አልኩ። አስተካከልኩት። ሻይ እንኳ ልጠጣ ሳልወርድ ተመልሼ ሳየው ግንቦት ሆኗል።

ተውኩት። እውነቴን ነው... ለመፍራት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም።

ጋሽ አድማሴ የገቡት ያኔ ነው።

"እንደምን ዋልሽ" ብለው መስኮቱ ሥር ካለችው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

"እንደምን ዋሉ ጋሼ። በዚህ ዝናብ መጡ?"

"የቱ ዝናብ?"

የቀለዱ መሰለኝ። ጣራው ላይ ቆርቆሮው እየተደበደበ ነው። ጋቢያቸውን አየሁት። ደረቅ ነው። ጫማቸው ላይ ጭቃ የለም።

ባጃጅ በር ድረስ አድርሷቸው ይሆናል አልኩ።

ሥራ ጀመርን። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ትንሽ እንደሄድን ጣቴ ቆመ። የሚነግሩኝን ቃላት አውቃቸዋለሁ። በግንቦት የጻፍናቸው ናቸው። በዚያው ቅደም ተከተል። በዚያው ምሳሌ።

"ጋሼ... እነዚህን እኮ ጨርሰናቸዋል።"

"መቼ?"

"ባለፈው። ከሙሉሰው ጋር።"

"ከሙሉሰው ጋር እማ አሁን ነው የምንሠራቸው" አሉ ረጋ ብለው። "የት ሄዶ ነው የቆየው ይሄ ልጅ?"



ለቅሶው ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። መቃብሩ አፍ ላይ ሰው ደግፎ የመለሳቸው እሳቸው ናቸው። እርጅና ነው... መርሳት ጀመራቸው ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። እንዴት ብዬ ነው ድጋሚ የማረዳቸው?

"ይመጣል" አልኩ።

ይህን ስል ራሴን ጠላሁት።

መጻፍ ቀጠልኩ። የእንባዬ ነገር ሆኖ አንድ ፊደል ሳትኩ።

"አይ፣ ሦስተኛዋን ፊደል ተሳስተሻል" አሉኝ ከተቀመጡበት። "ግዕዙን አድርጊው።"

አረምኩት። አመሰገንኳቸው። ቀጠልኩ።

የገባኝ ቆይቶ ነው።

ከመስኮቱ ሥር ተቀምጠው... ስክሪኑን አነበቡ።

ቀና ሳልል ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ።

"ጋሽ አድማሴ" ይላል።

አየኋቸው። እጃቸው ከዘራው ላይ ነው። ስልክ አልያዙም። መስኮቱን ያያሉ።

ስልካቸው ወድቆ ሰው አግኝቶት ነው አልኩ በልቤ። አነሳሁት።

"ሚልኪ... ልጄ።" ሳል ቀደማቸው። በሳል የተጎዳው ደረታቸው ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል። "ዛሬ አልመጣሁልሽም። ዳንግላ ነኝ። ዓይኔን ሊያዩልኝ ቀጠሮ ነበረኝ... ሳልነግርሽ።"



አጠገቤ ያሉት ከገቡ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳሉም።

"ሰማሽኝ?"

"እሰማለሁ..."

"ምነው? ድምፅሽ ልክ አይደለም።"

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በሹክሹክታ ነው ያወራሁት።

"ጋሼ... እዚህ ሰው አለ።"

"ማን?"

"እርስዎ።"

 ከስልኩ ውስጥ የዳንግላ ድምፅ ይሰማኛል። ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ጫጫታ፣ የሕፃን ልቅሶ።

እንደ ቀልድ ይቆጥሩታል ብዬ ጠበቅኩ። አልቆጠሩትም።

"ቀና ብለሽ እዪው" አሉኝ በጣም ቀስ ብለው። "ዓይኑ... ሞራ አለበት?"

ቀና አልኩ።

እያዩኝ ነበር። ዓይናቸው ጥቁር ነው። ጥርት ያለ። በሕይወቴ እንደዚያ ሲያዩኝ አላውቅም።

"የለበትም" አልኩ።

"ውጪ" አለኝ ስልኩ። "አሁኑኑ ውጪ ልጄ።"

"አድማሴ ነው?" አሉ የተቀመጡት።

ስልኩን ደረቴ ላይ ደፋሁት።

"እንዳይመጣ ንገሪው" አሉ። ቁጣ የለበትም። ተማሪ እንደሚመክሩት ነው። "ቦታው ተይዟል።"

ተነሳሁ። 

"ሻይ... ሻይ ላምጣልዎ ጋሼ።"

"ደግ። ለሦስት አድርጊው" አሉ። "ሙሉሰው ደረጃው ላይ ነው።"

እውነትም ደረጃው ይጮሃል።

እንጨት ነው፤ ሰው ሲረግጠው እያንዳንዱ እርከን የራሱ ድምፅ አለው። ከታች ወደ ላይ... ቀስ እያለ...

ሌላ መውጫ የለም። በሩን ከፈትኩ።

ደረጃው ላይ ማንም የለም።

ድምፁ ግን አለ። ይወጣል። ወደ እኔ። ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። እግሬ ሥር ያለው እንጨት ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። የሆነ ነገር... የዝናብ ሽታ ያለው አየር... ፊቴን ዳስሶ አለፈ። ከኋላዬ በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ወረድኩ አልላችሁም። ወደቅኩ ማለት ይሻላል።

ሻይ ቤቷ ባዶ ነበረች። ፀጋነሽ ብቻዋን ብርጭቆ ታደርቃለች።

"ሚልኪዬ? ምን ሆነሽ ነው? ፊትሽ አመድ መስሏል!"

"ምንም። ሻይ..."

"ስንት?"

ከአፌ አመለጠኝ። "ለሦስት።"

"ለሦስት?" እጇ ቆመ። "ማን አለ ከላይ?"

መልስ ስፈልግ... ከላይ ተጀመረ።

የኮምፒውተር ቁልፍ ድምፅ። የሻይ ቤቷ ኮርኒስ የኛ ወለል ነው፤ ሁሉ ነገር ይሰማል። ሙሉሰው በሁለት ጣቱ ነበር የሚጽፈው። በኃይል። ሚስማር የሚመታ ይመስል። ጠ... ጠጠ... ጠ... ከዚያ ቆም ይልና፣ አንድ ትልቅ።

ፀጋነሽ ኮርኒሱን አየች። እኔን አየች። እንደገና ኮርኒሱን።

"ማን ነው የሚመታው?"

"ፀጌ..."

"ማን ነው አልኩሽ።"

"አላውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ" አለች። ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠች። "የሱ ነው።"

ወደ ደረጃው ሄደች። ሮጬ ወገቧን ያዝኳት።

"ልቀቂኝ።"

"አትውጪ። በጌታ ስም... አትውጪ!"

"ሚልካ ልቀቂኝ። ባሌ ነው።"

"የሞተ መሆኑን አያውቅም ፀጌ! እዚያ ያሉት... የሆነውን አያውቁም። ግንቦት ላይ ነው ያሉት!"

ምን እንዳልኩ ራሴም አልገባኝም። እሷ ግን ገባት። ፊቷ ላይ ያየሁትን እስክሞት አልረሳውም። ፍርሃት አልነበረም።

ጉጉት ነበር።

"ግንቦት?" አለች። "ሳይታመም?"

ከእኔ ትበረታለች። ክንዴን አላቃ ጣለችውና የመጀመሪያውን እርከን ረገጠች። ሁለተኛውን። እኔ ከኋላ ቀሚሷን ይዤ እጎተታለሁ።

ያኔ ከላይ ሴት ሳቀች።

ረጅም ሳቅ። ከሆድ የሚወጣ። መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚል።

ፀጋነሽ ደረጃው ላይ ደረቀች።

 ከዚያ የወንድ ድምፅ አንድ ነገር በአዊኛ አለ... ሴትየዋ እንደገና ሳቀች።

"ሚልኪ" አለችኝ። ትንፋሿ ነው እንጂ ድምፅ አልነበረም። "ያቺ... እኔ ነኝ?"



እጇን ይዤ አወረድኳት። አሁን አልታገለችኝም። ሻይ ቤቷን ክፍት ትተን፣ እሳቱን እንኳ ሳናጠፋ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣን። ከአስፋልቱ ማዶ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። ከዚያ ሆነን የፎቁ መስኮት ይታያል። ጉም ለብሷል። ውስጡ ምንም አይለይም።

ፀጋነሽ አላለቀሰችም። መስኮቱን ብቻ ታያለች።

"አልደከማትም" አለች ቆይታ። "ስትስቅ ሰማሻት? ምንም አልሆነችም እኮ።"

ስልኬ ጠራ። ጋሽ አድማሴ ናቸው። የሞተር ድምፅ አለ።

"ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ወጣሽ?"

"ወጥቻለሁ። ጋሼ አይምጡ! እባክዎ፣ እዚያው ይቆዩ!"

"የራሴ ወንበር ነው" አሉ። ኔትወርኩ ተቆረጠ።

እሳቸው እስኪደርሱ ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደነበር አላውቅም። ከተማው ሁሉ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ ወፍጮ ቤቱ እንኳ ቆሟል። የፎቁ መስኮት ላይ ብቻ በጉሙ ውስጥ ሰማያዊ ነገር ይታያል። የኮምፒውተራችን ብርሃን።

ጋሽ አድማሴ ከመናኸሪያ ካመጣቸው ባጃጅ ሲወርዱ ሮጬ ተቀበልኳቸው። ጋቢያቸው በውኃ ከብዷል። ጫማቸው ጭቃ ነው። ዓይናቸው ነጭ ጭጋግ ለብሷል። ሳሉ... ያን ሳል ስሰማ እንደዚያ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

"በስመ አብ" አሉ። "የታል?"

"ከላይ።"

መንገድ ሊያቋርጡ ከዘራቸውን ዘረጉ። ፊታቸው ቆምኩ።

"ጋሼ አይችሉም።"

"ለምን? እድሜዬን አብሬው የኖርኩትን ሰው እፈራለሁ?"

"እሱ ቀድሞ ገብቷል" አልኳቸው። የማውቀው ነገር ሥራዬን ብቻ ስለሆነ በእሱ ነው የነገርኳቸው። "አንድ ስም ያላቸው ሁለት ነገሮች አንድ ቦታ ሲገናኙ... ቀድሞ የተገኘው ነው የሚጫነው። ሌላው እንደሌለ ይቆጠራል። እርስዎ ያን በር ከፍተው ቢገቡ... የትኛው እንደሚወጣ አላውቅም። ማንኛችሁ እንደምትቀሩ አላውቅም።"

መምህር ናቸው። አንድ ጊዜ ነገርኳቸው፣ ገባቸው።

ዝናቡ ከጋቢያቸው ይንጠባጠባል። ወደማያዩት መስኮት ፊታቸውን አዙረው ቆሙ።

"ያነባል?" አሉኝ።

"እ?"

"እዚያ ያለው እኔ። ፊደሉ ይታየዋል?"

ልዋሻቸው ፈለግኩ። አልቻልኩም።

"ይታየዋል ጋሼ። ስሕተቴን አርሞኛል።"

 ከዘራቸው አስፋልቱን ነካ፣ ነካ፣ ነካ አደረገ።

"ደግ" አሉ። "እንግዲያ ይቀመጥ።"

ድምፃቸው ተሰበረ። ፀጋነሽ መጥታ ክንዳቸውን ያዘች።  ሁለቱ ተደጋግፈው በረንዳው ላይ ተቀመጡ፤ እኔም አጠገባቸው። ከሰኔ ወዲህ ለሙሉሰው አብረን ያለቀስነው ያኔ ብቻ ነው ብል አልዋሸሁም። እዚያ ሆነን፣ የቁልፉ ድምፅ፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በዝናቡ መሃል መንገዱን ተሻግሮ እየተሰማን።

አመሻሽ ላይ ብርሃኑ ጠፋ። ድምፁም አብሮ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ከአቶ ፊልጶስ ጋር ወጣን። እሳቸው ጸለዩ፣ እኔ በሩን ከፈትኩ።

ማንም የለም። ወንበሮቹ በቦታቸው ናቸው። ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ስከፍተው መዝገበ ቃላቱ እኔ ካቆምኩበት አልተነቃነቀም። ያን ሁሉ ሲመታ የዋለው ጣት አንድ ፊደል አልጻፈም።

አቶ ፊልጶስ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ "ልጄ፣ ደክሞሻል" አሉኝ። ክፉ አስበው አይደለም። "ሐዘን ነው። ጥቂት ዕረፊ።"

እውነት ነው፣ ደክሞኝ ነበር። ግን ድካም ለሦስት ሰው አንድ ድምፅ አያሰማም።

የመዝገበ ቃላቱን ፋይል ከገለበጥኩ በኋላ ኮምፒውተሩን አልነካሁትም። የጻፍነውን ብቻ ይዤ ዳንግላ ሄድኩ። እዚያ የሚያውቁኝ ሰዎች አዲስ ኮምፒውተር ሰጡኝ፤ አንድም አሮጌ ነገር ያልተጫነበት። ሶርስ ኮዱን መስመር በመስመር ራሴ ጻፍኩት። ከሙሉሰው ፋይል አንዱንም አልገለበጥኩም። ገነባሁ። ከፈትኩ።

"ቨርዥን ሁለት ተጭኗል።"

ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ።

መጽሐፉ ትምህርት ከተከፈተ በኋላ ቢሆንም ደረሰ። የሙሉሰው ስም ከፊት ገጹ ላይ አለ። ጋሽ አድማሴ የአንዱ ዓይናቸው ሞራ ተነሣላቸውና ስሙን ራሳቸው አነበቡት፤ በጣታቸው እየተከተሉ፣ ደጋግመው። እኔና እሳቸው ስለዚያ ቀን አናወራም። ፀጋነሽ ሻይ ቤቷን ዘግታ ጥሊሊ ገባች፤ ከሙሉሰው እናት ጋር ትኖራለች። ባለፈው ስንደዋወል ሳቅ ብላለች። አጭር ነበር። ግን ሳቀች።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

በታኅሣሥ፣ በገበያ ቀን፣ ላያት ወደ ጥሊሊ ሄድኩ። ረፋድ ነው። ሜዳው ላይ ውርጩ አልቀለጠም። እንቅልፍ ካጣሁ ሰነባብቼ ነበር፤ ግንባሬን የሚኒባሱ መስታወት ላይ አስደግፌያለሁ።

ከጥሊሊ በመለስ መንገዱን ከብት ሞላውና ሾፌሩ ቆመ። ከፊት ለፊት የሚመጣው ሚኒባስም ቆመ። ጎን ለጎን ሆንን። መስታወት ለመስታወት።

ማዶ ካለው መስኮት ሥር አንዲት ሴት ተቀምጣለች።

መጀመሪያ የራሴ ምስል መስታወቱ ላይ ያረፈ መሰለኝ።

ግን እኔ ጠጉሬን ከለቅሶው ጊዜ ወዲህ አሳጥሬዋለሁ። የሷ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ሹራቧን አውቀዋለሁ፤ በሙሉሰው ቀብር ቀን ጭቃ አበላሽቶት የጣልኩት ነው። ጉንጯ ሞላ ብሏል። ዓይኗ ሥር ጥቁረት የለም። ደህና አድርጋ የተኛች ሴት ፊት ነው ያላት።

ከጎኗ ላለ፣ ለእኔ ለማይታየኝ ሰው፣ የሆነ ነገር እያወራች ነበር። ዞር ስትል አየችኝ።

አልደነገጠችም።

ሰው መንገድ ላይ የደከመው ሲያይ እንደሚያዝነው... ትንሽ አዘነችልኝ።

ከዚያ እጇን ዘርግታ መጋረጃውን ሳበችው።